አርባ ያልሞላ ክፍል

«አንድ ነው የጎደለው?»

«አንድ ብቻ።»

«ታዲያ አንድ ሰው ምን አላት? ጻፍና እለፋት እንጂ።»

ልብስ ሰፊው ይህን የሰማው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ አተኩሶት ከትምህርት ቤት ቀርቶ፣ ቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ እንደተኛ። አንደኛው ድምፅ የርዕሰ መምህሩ ነበር፤ ሌላው የአባቱ፣ የዚያው ትምህርት ቤት ዘበኛ። «ጻፍና እለፋት» ያለው ግን የትኛው ነበር? ይሄ እስከ ዛሬ አልጠራለትም። ከዚያ በኋላ አንዱ ሳቀ፣ ወይም ሳለ። ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የቀረውን እንቅልፍ ወሰደው።

መጨረሻውን ግን ያውቀዋል። በዓመቱ ቁጥሩ አልሞላም ተብሎ ስምንተኛ ክፍል ተዘጋ፣ እሱም አጎቱ ዘንድ ልብስ ስፌት ገባ። አባቱን እስኪሞት ድረስ አልጠየቀውም። አንዳንድ ቀን ይኮራበታል፣ አንዳንድ ቀን ይቀየመዋል፤ እንደ ቀኑ ነው። ትምህርቱን ግን በራሱ መንገድ ቀጠለ። ደንበኛ ጨርቅ የጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ከላይ እስከ ታች ሳያነብ አይጥልም።

አሁን አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰኞ ረፋዱ ላይ የስምንተኛ ክፍል ኃላፊዋ መምህርት ስትመጣ የአንድ ሱሪ ዚፕ እየቀየረ ነበር። ሱቅ ይባል እንጂ ከቤቱ ፊት የተቀጠለች በረንዳ ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ። ሁለተኛ ደንበኛ ከመጣ ቆሞ ነው የሚስተናገደው።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነይ መምህርት፣ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ማንገቻውን ትጠመዝዝ ጀመር። ልብስ ሰፊው ሰውን ማዳመጥ ለምዷል፤ ልብስ ሊለካ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ዝም ማለት ስለማይችል፣ የሰፈሩን ጉድ ሁሉ በሜትር ሲለካ የኖረ ነው። አንድ ነገር ልትናገር ፈልጋ እንዳቃታት ገባው። አልጠየቃትም። አሮጌውን ዚፕ እየተረተረ ጠበቃት።

«ሐሙስ ቆጠራ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ሰምቻለሁ።»

ያልሰማ የለም። በጀት የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ነው። ልጅ ሲቀንስ በጀት ይቀንሳል፤ በጀት ሲቀንስ መምህር ይሄዳል፤ መምህር ሲሄድ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ እንደገና ይቆጠራል። ከትልቁ መንገድ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት በዚህ ስሌት ሲሰፋ ኖረ፤ የነሱ ደግሞ ሲጠብ። ዘንድሮ ግን፣ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ፣ ስምንተኛ ክፍል ተከፍቶላቸው ነበር። ደንቡ አርባ ተማሪ ይላል። አርባ ካልሞላ ክፍሉ ይዘጋል፣ ልጆቹም ወደ ማዶ ይሻገራሉ።

«ስንት ናችሁ?» አላት።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለች፤ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «መዝገቡ ላይ ግን አርባ ነን።»

እጁ ባለበት ቀረ።

ትልቋ ልጁ ከሞተች ሰባት ሳምንቷ ነው። በነሱ ትምህርት ቤት አንድ የሳይንስ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ ስለሚደርስ፣ ከማዶ ያለው ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱን ለውጭ ልጆች ሲከፍት እየተሻገረች ታነብ ነበር። ትልቁ መንገድ መሻገሪያ የለውም። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ስትመለስ፣ አሸዋ የጫነ መኪና ገጫት። ደብተሩ ውስጥ ገና ያልጨረሰችው የአበባ ሥዕል ነበር፤ ክፍሎቹን በስም በስማቸው ጽፋ፣ ሁለቱ ቀርተዋታል።

«ከቀብሯ በኋላ ስም ስጠራ ልዝለላት ብዬ ነበር» አለች መምህርቷ። «አፌ ለምዶ ጠራኋት። ክው ብዬ ስቀር፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ‹አቤት› አለች። በማግስቱ ደግሞ ሁሉም። ሠላሳ ዘጠኙም ባንድ አፍ፣ ‹አቤት!› ምን ላድርግ ጋሼ? ‹ቀሪ› ብዬ ልጻፍባት? እጄ እምቢ አለኝ። ‹አለች› ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም።»

ሰፊው የተረተረውን ዚፕ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ያኔ ቆጠራው ትዝም አላለኝ፣ እውነቴን ነው። አሁን ግን... ትንሿ ልጅዎ እኮ ቁመቷ ደርሷል። ስድስተኛ ክፍል ናት ብሎ የሚጠረጥር የለም። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት፣ እህቷ ቦታ ላይ ብትቀመጥ...»

«የሞተችውን አለች ልበል?»

«እርስዎ ምንም አይሉም። ዝም ነው የሚሉት።»

«ዝምታንም የሚሰማ አለ፣ መምህርት።»

«አውቃለሁ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ግን ዓምና የተሻገሩት ሃያ ሁለት ነበሩ። ሰባ ልጅ በሞላበት ክፍል ከኋላ ቆመው ነው የተማሩት። ዓመቱን የጨረሱ ዘጠኝ ናቸው። እሱስ አይሰማም?»

እናትየዋን ላማክር ብሎ ሸኛት።

ምሳ ላይ ለሚስቱ ነገራት። እምቢ ትላለች፣ ትጮኻለች፣ ሰሃን ታነሳለች ብሎ ነበር። እሷ ግን አጎንብሳ ጠረጴዛውን በመዳፏ ትጠርግ ጀመር፤ ፍርፋሪ እንኳ አልነበረበትም።

«ጠዋት ጠዋት ዳቦ ለመግዛት ነው የምቆየው ብለህ ነው?» አለችው።

«እና?»

«አጥሩ ጋ እቆማለሁ። በመስኮቱ በኩል ስም ሲጠራ ይሰማል። እሷ አሥራ ሰባተኛ ናት። እየቆጠርኩ እጠብቃታለሁ። ሲጠሯት፣ ሁሉም ‹አቤት› ሲሉላት...» መዳፏ ቆመ። «ከዚያ ዳቦዬን ገዝቼ እመጣለሁ።»

ሰባት ሳምንት ሙሉ አንድ ትራስ ላይ ሲተኙ ይህን አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም። ማዳመጥ ያውቃል የተባለ ሰው!

«አታሰርዝብኝ» አለችው። «ሌላ ምንም አልለምንህም።»

እሺ አላት።

ረቡዕ ከሰዓት ትንሿን በርጩማው ላይ አቆማት። ስምንተኛ ክፍሎች ኮሌታቸው ሰማያዊ ስለሆነ የእህቷን ዩኒፎርም መልበስ ነበረባት። ቀሚሱን የሰፋው ራሱ ነው። ጫፉ ላይ አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ትቶ ነበር፤ ልጅ ሲረዝም እየተለቀቀ የሚሄድ፣ ለሁለት ዓመት ይበቃል ብሎ። አሁን በዚያው ላይ ሌላ ሁለት ጣት አጠፈበት። ከአፉ መርፌ እየነቀለ ዙሪያዋን ተንበርክኮ ዞረ።

«አባዬ፣ ትወጋኛለህ እኮ።»

«አልወጋሽም። ቀጥ በይ።»

«ቆጣሪው ስንት ዓመትሽ ነው ቢለኝ አሥራ አራት ነው የምለው አይደል? የተወለድኩበትንም ቀን አጥንቻለሁ። ልበልልህ?»

«ተይው።»

«የሷን አሳሳቅም እችላለሁ፤ ቆይ ላሳይህ...»

«ተይው አልኩሽ!»

ጮኾባት አያውቅም ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። እሱም አጎንብሶ ዘመዘመው፤ ቀጥ ያለ መስመር መስፋት በሚችል እጁ ሁለት ጊዜ ተጣመመበት፣ ሁለቴ ተረተረው።

ሐሙስ ጠዋት ወላጆች በክፍሉ መስኮት ሥር ተኮልኩለው ነበር። ሚስቱ ከሁሉም ኋላ፣ አጥሩን ተደግፋ። ከፊት ሰፈሩ ሁሉ «ሬዲዮ» የሚላት አትክልት ሻጭ ቆማለች፤ ልጇ እዚያው ክፍል ስለሆነች። ሬዲዮ የተባለችው ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው።

«ቆጣሪ መጣ ሲሉኝ የመብራት መስሎኝ በጓሮ ልወጣ ነበር» አለች። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። ወደ ሰፊው ዞራ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድም ጋሼ፣ ለልጆቻችን ያደረግከውን እግዜር ይክፈልህ። አንረሳውም።»

ሰፊው ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ።

ቆጣሪው ጫማው አቧራ የጠገበ፣ ሸምገል ያለ ሰውዬ ነበር። መዝገቡን ከመምህርቷ ተቀብሎ ራሱ ይጠራ ጀመር። አንድ ስም፣ አንድ «አቤት»፣ አንድ ምልክት። አንድ ስም፣ አንድ «አቤት»። መምህርቷ ልጆቹን ከሁለት ቀን በፊት ጀምራ አስጠንቅቃቸው ነበር፤ ስሟ ሲጠራ ትንሿ ብቻዋን ትመልስ፣ እናንተ ጸጥ። ሰፊው ከውጭ ሆኖ በልቡ ይቆጥራል። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት።

ስሟ ተጠራ።

«አቤት!» አለ ክፍሉ በሙሉ።

ልማድ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ እንዲያ ሲሉ የኖሩ ልጆች አፋቸው ቀደማቸው። ወዲያው ደንግጠው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መምህርቷ ዓይኗን ጨፈነች።

ቆጣሪው ቀና አለ። «ሁላችሁም ስማችሁ አንድ ነው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም።

«የጠራኋት የታለች? እስቲ ትነሳ።»

ትንሿ ተነሳች። ቀጥ ብላ። የእህቷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም አንድም ሳትደናቀፍ ተናገረች። ዕድሜዋን ሲጠይቃት አሥራ አራት አለች፣ ከነተወለደችበት ቀን።

«ጎበዝ። ጓደኞችሽ የሚወዱሽ ይመስላል፣ ሁሉም ነው አቤት የሚሉልሽ።»

«አዎ» አለች ትንሿ፤ ፈገግም አለች፣ ልክ እንደ ትልቋ አንገቷን ወደ ጎን ሰበር አድርጋ። «በጣም ነው የሚወዱኝ።»

ሰፊው ብትንተባተብ ኖሮ ይችለው ነበር። ብትፈራ፣ ብታለቅስ፣ ብትሳሳት ይችለው ነበር። እንዲያ አሳምራ ስትለው ግን፣ በዓይኑ ፊት አንዷ ልጁ ሌላዋን ለብሳ ስትጠፋ ታየው። ቆጠራው የሚመጣ ዓመትም አለ። በመንፈቁም አለ። ይህቺኛዋ ስንት ጊዜ ትሙትለት?

«ጌታዬ» አለ በመስኮቱ። «እሷ አይደለችም።»

ቆጣሪው እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ መስኮቱ መጣ። ሰፊውን አየው፣ ትንሿን አየ፣ የመምህርቷን ፊት አየ። የገባው ይመስላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባት፣ እኔ ጆሮዬ ትንሽ ከባድ ነው» አለ። «አልሰማሁዎትም። ምን አሉኝ?»

በር ከፈተለት ማለት ነው። ምንም አላልኩም ብሎ ዘወር ቢል ያበቃ ነበር። ከኋላው የሬዲዮን ትንፋሽ ይሰማዋል። ከዚያም ኋላ አጥሩ አለ፣ አጥሩ ጋ ደግሞ ያቺ ሴት። አምላኬ፣ አለ በልቡ፤ ሌላ የሚለው አልመጣለትም።

«ልጄ ሞታለች» አለ። «ይቺ እህቷ ናት።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ሰባት ሳምንት ማንም በአፉ ያላለው ቃል ነበር። አጠገቧ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፋች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ወንዶቹ።

«ታዲያ እዚህ ጋ ምን ልጻፍ?» አለ ቆጣሪው። የጠየቀው ከልቡ ነበር።

«የሆነውን።»

ሰውዬው ማስመሪያ ከኪሱ አውጥቶ በስሟ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረ። ቸኩሎ አልነበረም። ከታች ሠላሳ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሲወጣ ሰፊውን አልፎ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈና ምንም ሳይል ሄደ።

ያን ቀን ሬዲዮ ያልተናገረችው የለም። «ያንተስ ሞታለች! የኛ በቁማቸው ይሙቱ?» ብላ ጮኸችበት፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷም ደነገጠች፣ ግን አልመለሰችውም። ሌሎቹ መጮኽ እንኳ አልፈለጉም። ሰላምታ ነሱት። የሚተኮስ ሸሚዝ የሰጡ መጥተው ሳይተኮስ ወሰዱ።

ሚስቱ ግን አልተቆጣችም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ጠዋት መውጣት አቆመች። በአምስተኛው ቀን እህል ሲቀርብ፣ ማንንም ሳታይ፣ «አሁን የት ሄጄ ልስማት?» አለች። እንጀራ አባቱ ቤት እንዳለ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እውነት በመናገሩ አልተጸጸተም፣ ግን አላኮራውም። በጸሎት ሰዓቱ ልክ ነበርኩ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት የለም፤ እሱም አይቸኩልም፣ ነገም ይጠይቃል።

ደብዳቤው በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ክፍሉ ተዘጋ። ልጆቹ ከሰኞ ጀምሮ ከማዶ ይማራሉ። መምህርቷ ወደ ሌላ ቦታ ተመደበች፤ ልትሰናበተው መጥታ በርጩማው ላይ ትንሽ ተቀመጠች፣ አልወቀሰችውም። «እኔ ብሆን አልችለውም ነበር» ብላ ተነሳች። የትኛውን እንደሆነ አልተናገረችም።

ዓርብ ከሰዓት ሬዲዮ መጣች። ስፌቱ የተተረተረ አረንጓዴ ጉርድ ይዛ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመች።

«ይሄን ትሰፋልኛለህ?»

«አረንጓዴ ክር የለኝም።»

«ለጎረቤቴም ቡናማ የለኝም ብለሃታል።»

ክር የሚሸጥበት ሱቅ ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ በጥቁርና በነጭ ብቻ ነበር የሚሰፋው፤ ሌላ ቀለም የጠየቀውን ደንበኛ ከገበያ ጠፍቷል እያለ። ሰፈሩ ያውቃል። ማንም ግን በፊቱ አንስቶበት አያውቅም።

ሬዲዮ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጉርዷን አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው።

«ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን አፌ አመለጠኝ።»

«አልያዝኩብሽም።»

«ያዝብኝ። መያዝ ያለበት ነገር ነው።» ትንሽ ዝም አለች፤ ለሷ ብዙ ነው። «ልጄ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከልጅህ ጋር አንድ ዴስክ ነበሩ። መንገዱን አልሻገርም ትላለች። ብመታትም፣ ብለምናትም። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት አትክልት ማራገፊያ ነኝ፤ ካልሄድኩ ቀኑን ሙሉ ባዶ ነን። የሌሎቹም ወላጆች እንዲሁ ናቸው፣ ሁሉም ጠዋት ሥራ ላይ ነው።»

«መንግሥት መሻገሪያ ይሥራ እንጂ።»

«ይሠራል። የልጅ ልጆቻችን ይሻገሩበታል።» ሳቅ አይሉት ሳል ነገር አመለጣት። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ሱቅህ ቤትህ በር ላይ ነው። የሥራህ ጌታ ራስህ ነህ። እኔ ምን ብዬ አፌን እንደምከፍት አላውቅም...»

የምትለውን ቀድሞ አውቆት ነበር። ገና በረንዳው ላይ ስትቆም አውቆታል። የስፌት መኪናውን ጨርቅ አለበሰው።

«አልችልም» አለ። «ያንን ቦታ አላየሁትም፣ ታውቂያለሽ? ሬሳዋን ያነሱት ሌሎች ናቸው። ቦታውን አላየሁትም።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም።»

«እሺ፣ አላውቅም።»

ሬዲዮ ተነሳች። ጉርዷን በብብቷ ይዛ ከበረንዳው ወረደች። ከውስጥ በር ላይ ሚስቱ ቆማ ኖሯል፤ መቼ እንደመጣች አላያትም። ፊቷ ጠውልጓል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

«ልጆቹን ይዘህ ተሻገር» አለችው። ከቆጠራው ቀን ወዲህ ዓይኑን እያየች ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነበር። «ሲጠሯት የነበሩት እኮ እነሱ ናቸው።»

በመንገዱ ላይ አንድ ሰው ጎማ እያንከባለለ አለፈ። ሬዲዮ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ልትሄድ ፈልጋ እግሯ እምቢ ያላት ትመስላለች።

«ወንዶቹ ይሮጣሉ» አለ በመጨረሻ።

ዞረች። «ይሮጣሉ።»

«ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ትልልቆቹ መኪና በሚመጣበት በኩል።»

«እንዳልክ።»

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሱቄ ፊት። ያረፈደ ካለ እንጠብቀዋለን፤ ጥሎ መሄድ የለም።»

«እነግራቸዋለሁ፣ ለሁሉም እነግራለሁ። መመለሻቸውስ?»

ሁለቱንም እጁን ጉልበቶቹ መሐል ጨመቃቸው።

«መመለሻቸውንም» አለ።